ዓይን የሚያርፍበት

ናሁሰናይ ሞላሌ ላይ ፎቶ ቤት በከፈተ በሦስተኛው ወር የከተማው ሰው ሁሉ ግራጫ ሆነ።

ጠይሙም ቀዩም፣ ባልቴቷም ኮረዳዋም ከእሱ ካሜራ ፊት ተቀምጠው ሲነሡ አንድ መልክ ይዘው ይወጣሉ፤ አመድ የተነፋበት መልክ። ነጭ ነጠላ የለበሰችውና ጥቁር ካፖርት የደረበው በወረቀቱ ላይ ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሞላሌ ደግሞ ለነገር አታንስም። «እዚያ የቆላ ልጅ ዘንድ ሄደህ ተነሣ፤ ሳትሞት ተዝካርህን ታያለህ» እየተባለ ይሳቅበት ጀመር። ከተማው ውስጥ ሌላ ፎቶ ቤት ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜውኑ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ መርሐቤቴ ይመለስ ነበር።

ዘመኑ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ናሁሰናይ ሙያውን የተማረው እዚያው በተወለደበት በዓለም ከተማ ነበር። ሞላሌ ሲመጣ ከእትዬ አስካለ ማርያም ሻይ ቤት ጎን አንድ ክፍል ተከራየ፤ ክፍሉን በወፍራም መጋረጃ ለሁለት ከፈለ። ከፊት አንድ ወንበርና ሰማያዊ ጨርቅ አለ። ከኋላ ጨለማ ክፍሉ ነው። ቤቱ መብራት ስለሌለው ከግድግዳው ላይ ጡጫ የምታህል ቀዳዳ በስቷል፤ ደጅ በተተከለ መስታወት የተጠለፈው የፀሐይ ብርሃን በቀዳዳዋ ገብቶ፣ በፊልሙ አልፎ፣ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወረቀቱ ከኬሚካሉ ይገባና ይታጠባል።

በዓለም ከተማ በዚሁ ዘዴና በዚሁ ኬሚካል የታጠበ ፎቶ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ነበረ። እዚህ መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ግን ምን እንደነካው ለናሁሰናይ አልገባውም። ውኃውን ቀየረ፣ ወረቀቱን ቀየረ፣ ጠበልም ረጨ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ልቡ ግን ድሮም ከመታወቂያ ፎቶ ላይ አልነበረም። ገበያ በሌለበት ቀን ካሜራውን አንግቦ ይወጣል፤ ሸንተረሩን፣ የገብሱን ማሳ፣ ገደሉን እያነሣ ይመለሳል። ሰዉ ይህን ሲያይ ጭራሽ ግራ ገባው።

«አገር ምን ሊሆን ፎቶ ይነሣል?» አሉት እትዬ አስካለ ማርያም አንድ ቀን ሻይ እየቀዱለት። «መታወቂያ ሊያወጣ ነው?»

አማከለች የመጣችው በኅዳር ነው። ከከተማው አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር ነው ቤቷ፤ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ አባቷ ባና የሚባለውን ወፍራም ልብስ ይሸምኑበታል። የፈታዮች ማኅበር አባል ልትሆን ስለሆነ ለደብተሩ አንድ ፎቶ ያስፈልጋታል። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ናሁሰናይ «ትንሽ ፈገግ በይ» ሲላት «ማኅበሩ ጥርስ አልጠየቀም» አለችው። በሳምንቱ ፎቶዋን ልትወስድ ተመለሰች።

«ይቺ ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ?» ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ከዚያ መልሳ ፊቱን። «እኔስ ይኸው በቁሜ አለሁ። ይቺ ግን አርባዋ ከወጣ ቆይቷል።»

ከግድግዳው ወዲያ እትዬ አስካለ ማርያም ከትከት ብለው ሳቁ። ናሁሰናይ ጆሮው ድረስ ጋለ። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ግን ልጅቷ ትታው ወደ ግድግዳው ሄዳ ነበር፤ የሰቀላቸውን የአገር ፎቶዎች አንድ በአንድ ታያለች። እንዲህ ዝም ብሎ ያያቸው ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም።

«እነዚህስ?»

«አገር ነው። ለራሴ ነው ያነሣሁት።»

«ሰማይና ምድሩ እኩል ተካፍለዋል» አለች አንዱን እያሳየችው። «ወራሾች ናቸው እንዴ?»

ናሁሰናይ ቀረብ ብሎ አየ። እውነቷን ነው። ሁሉም ፎቶዎች ከመሐል በክር እንደተለኩ ናቸው፤ ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ ምድር።

«ሰፊ ነው፤ አይካድም» ቀጠለች። «ግን ዓይኔ የሚያርፍበት የለውም። ዞሬ ዞሬ ደከመኝ።»

«ምን ልጨምርበት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ፎቶ አንሺው አንተ ነህ።» እንዲህ ብላ ልትወጣ ነበር፤ ከበሩ ተመለሰች። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጥቁር ባና ጫፉን ዘረጋችለት። ከዳሩ አንዲት ነጭ መስመር አለች። «ይኸውልህ። ይህ ጥቁር እንዲህ የጠቆረው ነጩ ስላለ ነው። ከዳለቻ ጋር ባደርገው ኖሮ ሁለቱም ይሞቱ ነበር። ነጩ ደግሞ አንዲት መስመር ናት፣ ያውም ከዳር። ቢበዛ ማን ያየዋል? ለመሆኑ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታነሣው?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። ብርሃን ሲበዛ።»

«ስድስት ሰዓት ላይማ መሬቱ ተኝቷል!» ሳቀች። «እኛ ጠጉር በየቀለሙ የምንለየው በጠዋት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ነጩም ቡላውም አንድ ይሆንብናል። ገደሉንና ሜዳውንም የሚለየው ጥላ ነው። በጠዋት ውጣ።»

ወጣች። ናሁሰናይ በሩን እያየ ቆሞ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከመምህሩ ያልሰማውን አንዲት ጠጉር ፈታይ በአንድ ትንፋሽ ነግራው ሄደች። ያናደደው መስሎት ነበር፤ ማታ ግን ራቱን ሲበላ ለብቻው ሳቅ ይለው ጀመር።

የማኅበሩ ደብተር የሚጠይቀው አንድ ፎቶ ነው። አማከለች ግን አራት ጊዜ ተነሣች። አንዴ «ነጠላዬ ተጣጥፏል» ብላ፣ አንዴ «ዓይኔን ጨፍኛለሁ» ብላ፣ አራተኛውን ጊዜ ምንም ምክንያት ሳትፈልግ መጥታ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ናሁሰናይም ለምን ብሎ አልጠየቃትም። በየገበያው ቀን ግራጫ ሆና ወጣች፤ በየገበያው ቀን ግራጫዋን ሳቀችበት። በካሜራው ዓይን ውስጥ ሲያያት ግን አንድም ግራጫ ነገር አልነበራትም። አንዳንዴ ካሜራውን ሳይጫነው ረዥም ጊዜ ይቆያል። እሷም «ጨረስክ?» አትለውም ነበር።

ጥር በገባ በሳምንቱ፣ ውርጭ ሣሩን ነጭ ባለበሰበት ጠዋት፣ ናሁሰናይ ከጓሳው ሜዳ ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ላይ ወጣ።

ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ረዥም ሣር ነው። ሜዳው የወል ነው። የአገሩ ሽማግሌዎች ከዘጉት ሦስተኛ ዓመቱ ነበር፤ የሚከፈትበት ቀን ሳይነገር ማጭዱን ያሳረፈ ሰው ከድርሻው ይሰረዛል፣ ስሙም በክፉ ይነሣል። ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ከሽማግሌዎች መቀመጫ ይወርዳል፤ ዳግመኛ ሰው ለማስታረቅ አይጠራም። መንዝ ላይ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም።

ፀሐይዋ ከጎን ወጣች። ትናንት አንድ ወጥ የነበረው አገር በአንድ አፍታ ተከፋፈለ፤ ሸንተረሩ በራ፣ ሸለቆው ጠቆረ። ናሁሰናይ ካሜራውን አስተካከለ። ለሰማዩ አንድ እጅ፣ ለምድሩ ሁለት እጅ ሰጠ። ፊልሙ ላይ የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፤ ጣቱን አሳርፎ ጠበቀ። ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ፈለገ።

ያን ጊዜ ከገደሉ አፍ አንድ ሰው ብቅ አለ። ሩቅ ነው፤ ጥቁር ባና ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ከባድ ነገር ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ናሁሰናይ ሰውየው ከክፈፉ ቀኝ ዳር፣ ሸንተረሩ ሰማዩን ከሚነካበት ቦታ እስኪደርስ ትንፋሹን ያዘ። ተጫነው።

ፎቶው ሲታጠብ እንደ ሌላው ሁሉ ግራጫ ነበር። ቢሆንም ነፍስ ነበረው። ያ ሁሉ ስፋት ወደዚያ ትንሽ ሰው ይሄዳል፣ ከእሱ ይመለሳል። ናሁሰናይ በገበያው ቀን ጠዋት በሩ ላይ ሰቀለው። ለገበያተኛው አልነበረም የሰቀለው።

አማከለች መጣች። ቆማ አየችው። በጣቷ ሸንተረሩን እስከ ዳሩ ተከተለች።

«አገኘኸው» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ፈገግ አለች። «ይህን ባና እኔ ነኝ የፈተልኩት። አባቴ ናቸው!»

«አባትሽ? አቶ ገሠሠ?»

«ነጩን ዘርፍ አታየውም? ከወንዶቹ እንዲህ የሚለብሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ለናሁሰናይ የመልካም ምልክት መሰለው። ሲያጠራቅመው የከረመውን ቃል ያን ጊዜ አወጣው፤ «ለፋሲካ ሽማግሌ ልኬ ከአባትሽ ልጠይቅሽ አስቤያለሁ። አንቺ ከፈቀድሽ» አለ። አማከለች ነጠላዋን አስተካከለች፤ የተስተካከለውን እንደገና አስተካከለች።

«አባቴ ሰውን በቃሉ ነው የሚመዝኑት» አለች ሳታየው። «ሽማግሌዎችህን ነገር እንዳያበዙ ንገራቸው።»

ይህ እሺ ነበር። ናሁሰናይ ቀኑን ሙሉ እግሩ መሬት አልነካም። ለዚህም ይሆናል ከሰዓት በኋላ የጓሳው ጠባቂ አፈወርቅ በሩ ላይ ቆሞ ፎቶውን ሲያይና «ማናቸው እኚህ?» ብሎ ሲጠይቅ ትንሽም ያልጠረጠረው።

«አቶ ገሠሠ ናቸው» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ባለፈው ሳምንት ጠዋት፣ ከጓሳው ሜዳ ላይ ያነሣኋቸው።»

«ትከሻቸው ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ናሁሰናይ ጎንበስ ብሎ አየ። ግራጫ ነገር ነው። ረዘም ያለ፣ ከሁለቱም ጎን የተንጠለጠለ፣ ልክ እንደታሰረ ሣር። እጁን ወደ ፎቶው ሰደደ።

አፈወርቅ ክፉ ሰው አልነበረም። አዝኖ ነው ፎቶውን ከበሩ ላይ ነቅሎ የወሰደው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው መምሬ ኃይለ ኢየሱስ ናቸው። አቶ ገሠሠ ለሃያ ዓመት ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሥተው ከፊታቸው ቆሙ።

«ይህ እርስዎ ነዎት?» አሉ መምሬ ፎቶውን እያሳዩ።

«ባናው የእኔ ነው።»

«የተሸከሙትስ?»

«በግ ናት። ጠፍታ አድራ ከገደሉ አፍ አገኘኋት። ደክማ መራመድ ስላቃታት ተሸክሜ ከመንጋዋ ቀላቀልኋት።»

«ወረቀቱ ላይ ግን ጓሳ ነው የሚመስለው።»

«እንግዲህ ወረቀቱን ጠይቁታ።»

ሰዉ አጉረመረመ። መምሬ እጃቸውን አነሡ። «እኛም ነገር ማስረዘም አንፈልግም። ይማሉና እንነሣ።»

«አልምልም» አሉ አቶ ገሠሠ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። «ስለ አንዲት በግ የፈጣሪን ስም አልጠራም። በቃሌ ያላመነኝ በመሐላዬም አያምነኝም።»

ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ። ካልማሉ ሊፈረድባቸው ነው። ጉባኤው ሲበተን አቶ ገሠሠ ናሁሰናይ የቆመበት ሲደርሱ ቆም አሉ። ረዥም ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች አዩት።

«ልጄ፣ ሳልሰማ ወሰድከኝ፤ ሳልሰማ ሰጠኸኝ። ደጄን እንዳትረግጥ።»

ናሁሰናይ ያን ደጅ ገና አንድ ቀን እንኳ ረግጦት አያውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ አማከለች አልመጣችም። ናሁሰናይ ካሜራውን ሸፍኖ ተቀመጠ። እትዬ አስካለ ማርያም ሻይ ቢያመጡለት ቀዝቅዞ ተመለሰ። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። እሷ ናት።

«ማናቸው ሲልህ ስማቸውን ነገርከው» አለች።

«ኮርቼ ነው። የአባትሽ ምስል ከእኔ እጅ ወጣ ብዬ…»

«አውቃለሁ። ለአንተስ ማን ነገረህ? እኔ ነኝ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ አራት ጊዜ የተነሣችበት ወንበር ነው። ዓይኗ አብጧል። «አባቴ እህል አይቀምሱም። ሰላም የሚላቸው ሰው ሁሉ ከወረቀቱ ጋር የሚያስተያያቸው ይመስላቸዋል።»

ናሁሰናይ ከመሳቢያው ፊልሙን አወጣ። «ይኸው። አቃጥዪው። ፊልሙ ከሌለ ነገሩም ይሞታል።»

«ካቃጠልነው ለዘላለም ጓሳ ይሆናል» አለች። «እንደገና እጠበው። ትከሻቸው ላይ ያለውን አጉልተህ አውጣልኝ።»

ናሁሰናይ ሲፈራ የከረመው ይህንኑ ነበር። ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን አይቶታል፤ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም፣ አይለይም። ሊዋሻት አልፈለገም።

«አማከለች፣ ጓሳ ቢሆንስ?»

ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«አባቴ በግ ናት ብለዋል።»

ተነሥቶ መጋረጃውን ከፈተ። እትዬ አስካለ ማርያም በርጩማቸውን ይዘው ገቡና ከመጋረጃው ወዲህ ተቀመጡ። «እኔ እዚሁ ነኝ» አሉ። «ወሬያችሁን አላቋርጥም፤ ዝምታችሁን ግን እሰማለሁ።»

የቀሩት ሦስት ወረቀቶች ነበሩ። ናሁሰናይ ወረቀቱን ከፊልሙ አርቆ የሰውየውን ትከሻ አጎላው፤ ብርሃኑን ለቀቀ፣ ከኬሚካሉ ነከረ። በቀይ ጨርቅ ከተሸፈነችው ጠባብ መስኮት በምትገባው ብርሃን ሁለቱም አጎንብሰው ጠበቁ። ግራጫ ነገር ወጣ፤ እዚያው ቀረ። ሁለተኛው ላይ ብርሃኑን አስረዘመ። እሱም የባሰ ደብዛዛ ሆነ።

«አንዲት ቀረች» አለ።

አማከለች ሁለተኛው ወረቀት ያለበትን ሳህን ልታቀርበው ስትይዘው ጣቶቿ ኬሚካሉን ነኩ። ደንግጣ አወጣቻቸው።

«ይህ እኮ በረዶ ነው! ሁልጊዜ በዚህ ነው የምታጥበው?»

«ታዲያ በምን?»

«ጠጉር በቀዝቃዛ ውኃ ቀለም ይይዛል? ሰባት ቀን ብትነክረው አይጠቁርልህም፤ አመድ መስሎ ነው የሚወጣው። ውኃው እስኪሞቅ ድረስ ነው የሚጠበቀው። አሙቀኸው አታውቅም?»

«ዓለም ከተማ ላይ ማንም አያሞቅም…» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

«ዓለም ከተማ ቆላ ነው፣ ናሁሰናይ» አለች ቀስ ብላ። «ፀሐዩ ያሞቅላችኋል። ይህ መንዝ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ የጠራችው ያን ጊዜ ነው። ግን ስለ ስሙ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። መምህሩ ስለ ሙቀት ያልነገሩት ደብቀውት አልነበረም፤ እሳቸውም ብርድ ያለበት አገር ሠርተው ስለማያውቁ ነው። ይህን ሁሉ ወር ሰዉን ግራጫ ያደረገው ሌላ ምንም ሳይሆን የሞላሌ ብርድ ነበር።

እትዬ አስካለ ማርያም ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሙቅ ውኃ ከሻይ ቤታቸው አመጡ። አማከለች በክርኗ ለካችው። «ሕፃን የሚታጠብበት ያህል» አለች። የኬሚካሉን ሳህን መሐሉ ላይ አስቀመጠችና ሙቀቱ እንዳይሸሽ ባናዋን አውልቃ ዙሪያውን ጠቀለለችው። ጠበቁ። ጨለማው ውስጥ ትንፋሿ ይሰማዋል። ምንም አልተባባሉም።

«ዝምታው በዛ» አሉ እትዬ አስካለ ማርያም ከወዲያ።

ናሁሰናይ የመጨረሻዋን ወረቀት ዘረጋ። ከብርሃኑ ቀዳዳ ላይ እጁን አንሥቶ ቆጠረ፣ መልሶ ከደነው፤ ከዚያ ነከራት። መጀመሪያ ባናው ወጣ። ጥቁር ነበር፤ እውነተኛ ጥቁር። እንዲህ ያለ ጥቁር ከዓለም ከተማ ከወጣ ወዲህ አላየም። ከዚያ የባናው ነጭ ዘርፍ እንደ ክር ተሰመረ። ከዚያም ትከሻው ላይ ያለው ግራጫ ነገር ለሁለት ተከፈለ፤ ነጭ ገላ፣ ጥቁር ራስ።

አማከለች እጁን ያዘችው። እጇም እጁም በኬሚካል ረጥቧል።

«እግሮቿ!» አለች። «አራቱንም በደረታቸው ይዘዋቸዋል። ተመልከት፣ ላቷ! ላቷ በትከሻቸው ተንጠልጥሏል!»

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ናሁሰናይም ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ያላመናቸውን ሽማግሌ አሰበና አፈረ፤ ያፈረውን ያህል ደግሞ ደስ አለው። እትዬ አስካለ ማርያም መጋረጃውን ለመግለጥ ቢፈልጉም ፎቶው ይበላሻል ተብለው ከውጭ እልል አሉ።

እሑድ ከጽዱ ሥር ሰዉ ከወትሮው በዝቷል። ናሁሰናይ ፎቶውን ለመምሬ ሰጣቸው። መምሬ ኃይለ ኢየሱስ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አቀረቡት፣ አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት።

«እኔ እስከ ዛሬ ላት ያለው ጓሳ አላየሁም» አሉ።

ሳቁ ከሽማግሌዎቹ ጀምሮ ሴቶቹ እስከቆሙበት ደረሰ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። መምሬ ግን አልሳቁም፤ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «የጠፋች በግ በትከሻው የተሸከመውን እረኛ ወንጌል ላይ ስናነበው እናለቅሳለን» አሉ። «ጎረቤታችን ሲያደርገው ግን ከሰስነው። አቶ ገሠሠ፣ ይቅር ይበሉን።» አፈወርቅ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። አነሡት።

«ከአፌ የነገርኋችሁን ከወረቀት አመናችሁ» አሉ አቶ ገሠሠ። «ይሁን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።» ከዚያ ወደ ድንጋያቸው ተመልሰው ተቀመጡና ሁለቱን ፎቶዎች፣ ግራጫውንና አዲሱን፣ ጭናቸው ላይ አስተያዩ። «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ። ምን አደረግህበት?»

«አሞቅሁት፣ አባቴ። ኬሚካሉ በርዶት ነበር።»

«ማን አስተማረህ?»

ናሁሰናይ እጆቹን ሊደብቅ ሞከረ። አቶ ገሠሠ እጁን አዩ። የጣቶቹ ጫፍ ከኬሚካሉ የተነሣ ቡናማ ሆኗል። ቀና አሉና ሴቶቹ መሐል የቆመችውን ልጃቸውን ፈለጉ። ሐሙስ ማታ እሷም እንዲሁ ያለ ጣት ይዛ ገብታ ነበር፤ የጠጉር ቀለም ነው ብለው አልፈውታል።

«አማከለች፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

መጣች። እጇን ዘረጋች። የጣቶቿ ጫፍም ቡናማ ነበር።

«ጨለማ ቤት አስገባሃት?» አሉ አቶ ገሠሠ።

«እኔ ነኝ የገባሁት፣ አባዬ» አለች አማከለች፤ ድምፅዋ ቢንቀጠቀጥም ዓይኗን አልሰበረችም። «በግ ናት ብለውኛል። ላወጣት ነው የገባሁት።»

«እኔ ከመጋረጃው ሥር ነበርኩ!» ብለው እትዬ አስካለ ማርያም ከኋላ ጮኹ። «ዝምታቸውን ሳይቀር ሰምቻለሁ!»

አቶ ገሠሠ አልሳቁም። ናሁሰናይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ። «አባቴ፣ ሳላስፈቅድ ምስልዎን ወስጃለሁ፤ ስምዎንም በአፌ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ከዚያም ብሶ፣ ፎቶው ሳይወጣ በፊት ቃልዎን ተጠራጥሬያለሁ። ልጅዎ ግን አንድ ቀን አልተጠራጠረችም። ይቅር ይበሉኝ። ሽማግሌ ልልክ የነበረው ለፋሲካ ነው፤ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ልጅዎን…»

«አትማል!»

ድምፃቸው ከጽዱ ላይ ወፎቹን አስነሣ። እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል። ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱት።

«አትማል። ዝም ብለህ ንገረኝ። ትወዳታለህ?»

«እወዳታለሁ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«ይበቃል» አሉ።

በየካቲት ጓሳው ሲከፈት የመጀመሪያውን ማጭድ ያሳረፉት አቶ ገሠሠ ነበሩ። የከተማውም ሰው አንድ በአንድ እየተመለሰ እንደገና ተነሣ፤ በዚያ ዓመት ሞላሌ ላይ ጠይሙ ጠይም፣ ቀዩ ቀይ ሆነ።

ሠርጉ በዓመቱ ጥር ላይ ነበር። ሙሽራው ራሱ ፎቶ አንሺ ነውና ማን ያንሣቸው የሚለው ብዙ አከራከረ። በመጨረሻ አፈወርቅ «ሩቅ ማየት ሥራዬ ነው» ብሎ ካሜራውን ተቀበለ። ከኮረብታው ላይ አቆማቸውና አንድ ጊዜ ብቻ ተጫነው።

ናሁሰናይ ፎቶውን ከሞቀው ኬሚካል ሲያወጣው አንገቱን ነቀነቀ። አፈወርቅ ሰማይና ምድሩን እንደ ወራሽ እኩል አካፍሏቸዋል። የሚዜው ራስ ተቆርጧል፤ አገሩም በሙሉ ወደ ግራ ዘምሟል። መሐል ላይ ሁለቱ ቆመው፣ ካሜራውን ረስተው፣ እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ይህስ አይሰቀልም» አለ።

አማከለች ከእጁ ተቀበለችው። ብዙ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለችውን ባዶ ምስማር ፈለገች።

«ስቀለው» አለች። «ዓይኔ የሚያርፍበት አለው።»